ፀሐይ ላይ ያየነው ዓይን

የሥራ ትዝታ የሚጽፍ ጡረተኛ ነው ይባላል። እኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም፣ ጡረታም የለኝም። የነበረኝ የኮንትራት ሥራ ነው፣ እሱም አልቋል። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ምሳ ጋበዙን፣ ስማችን ያለበት ወረቀት በፍሬም አድርገው ሰጡን፣ መኪናውን ወደ አዲስ አበባ ይዘውት ሄዱ። ወረቀቱን ሱቄ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ። ባቀናው ባቀናው ይጋደማል፤ ትቼዋለሁ።

አሁን ሞባይል እጠግናለሁ። አሶሳ ገበያው አጠገብ፣ በአንድ በኩል ነጠላ ጫማ የሚሸጥ ሰው፣ በሌላ በኩል ከርከዴ፣ ቀዩን የሻይ አበባ፣ የሚሰፍሩ ሴቶች አሉ፤ መሀል ላይ ያለችው የቆርቆሮ ሱቅ የኔ ናት። ግንባሬ ላይ የማስረው ማጉያ መነጽር ያኔ ሲስተር የሺ ታስረው ከነበረው ጋር አንድ ዓይነት ነው። እሷ መነጽሩን ታስር ነበር፣ እኔ የእጅ ባትሪውን እይዝ ነበር፤ የምናየውም የልጆች ዓይን ነበር። አሁን መነጽሩንም ባትሪውንም የምይዘው ራሴ ነኝ። የሚያወራኝ የለም።

ሰው ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጥ ወዲያው አልከፍተውም። መጀመሪያ ምን እንደሆነ እጠይቃለሁ። ከነገረኝ በኋላ ደግሞ «እስቲ አሳየኝ» እላለሁ። ብዙው ሰው ይበሳጫል። «ነገርኩሽ እኮ!» ይላል። አዎ ነግሮኛል። እኔ ግን ሲነገረኝ ሰማሁ ያልኩት ነገር ሁሉ የሰማሁት እንዳልሆነ የገባኝ በዚያ ሥራ ነው፣ ይህንም የምጽፈው ለዚያ ነው።

የተወለድኩባት መንደር ስም የላትም፣ ቁጥር ነው ያላት። ወላጆቼን ደርግ ከወሎ አምጥቶ ያሰፈረበት ቦታ ነው። ወሎ ያሉ ዘመዶቻችን ሲደውሉ «የአሶሳዋ» ይሉኛል፣ አሶሳ ደግሞ የሰፋሪ ልጅ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረስኩ፣ ነጥብ አልመጣልኝም። ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ፣ ከዚያ ሆቴል ሒሳብ ተቀባይ ሆንኩ፤ ከሁለቱም ያስወጣኝ አፌ ነው። ለዓይን ምርመራ ረዳት ይፈለጋል ተብሎ ሲለጠፍ የሄድኩት ዓይን ስለምወድ አይደለም። መኪና አለው ስለተባለ ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም።

የፈተነችን ሲስተር የሺ ነበረች። ስሜን አየችና ሳቀች።

«ትዕግሥት። ስምሽን ማን አወጣው?»

«አባቴ።»

«ሳያይሽ ነው ያወጣው። ዝም ማለት ትችያለሽ?»

አልችልም አልኳት። «ጥሩ፣ ዝም የሚሉ ብዙ አሉን» ብላ ስሜን መዘገበች። በማግስቱ ሥራ ጀመርኩ።

ሲስተር የሺ የዓይን ነርስ ናት። ከደሴ ተመድባ መጥታ አሶሳ የቀረች፣ ልጆቿ ደሴ አያታቸው ዘንድ የሚማሩ፣ ባሏን በስልክ ብቻ የምታገኝ ሴት ነበረች። የምትኖረው በኪራይ አንድ ክፍል ነው። ክፍሉ ውስጥ አልጋ፣ ሬዲዮና ደሴ ስትሄድ የምትወስደው ሁልጊዜ ግማሽ የታሸገ ሻንጣ አለ። በመጀመሪያው ሳምንት «እርስዎ» ስላት ተቆጣች። «እርስዎ የምትይኝ ከሆነ ጥላ ያዢልኝ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አንቺ አልኳት።

የዓይን ሥራ ከእሷ ነው የተማርኩት፤ የተማርኩት ግን በመጽሐፍ እንደሚጻፈው አይደለም። ልጅ ከመንካቷ በፊት እጇን ትታጠብና ብብቷ ሥር ሸጉጣ ታሞቃለች። መጀመሪያ ሳያት የሚያማት መስሎኝ ነበር። «ቀዝቃዛ እጅ የመርፌ ዘመድ ነው» አለችኝ። ደግሞ «አይዞህ» የሚባል ነገር ከአፏ አይወጣም። እኔ አንዱን ልጅ አይዞህ ስለው በቁጣ አየችኝ፤ ልጁም ወዲያው አለቀሰ። አይዞህ የተባለ ልጅ የሚያስፈራ ነገር እንዳለ ያውቃል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ በኋላ የዓይኑን ቆብ ለመክፈት ትግል ነው። ሲስተር አይዞህ የምትለው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ያኔ ልጁ ከረሜላውን እየላጠ ነው፣ አይሰማትም።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ጥያቄ ነበራት። ዓይን ከመክፈቷ በፊት ፊቷን ወደኔ ወይም ወደ አስተርጓሚያችን ታዞርና «እናት ምን አለች?» ትላለች። አባት ቆሞ ሲያብራራ ታዳምጠዋለች፣ መምህር ሲያብራራም ታዳምጠዋለች፣ ከዚያ ያንኑ ትጠይቃለች። አባት በሽታው መቼ እንደጀመረ ያውቃል፤ ልጁ ሲተኛ ዓይኑን በየት በኩል እንደሚያሽ የምታውቀው ግን እናት ናት ትል ነበር።

ያልሄድንበት የለም። ቡለን የገበያ ቀን ድንኳን ተክለን ገበሬው በሬውን ይዞ ከኋላችን ቆሞ ተራ ጠብቋል። ካማሺ መንገዱ መኪናችንን አንድ ቀን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ይዞ አስቀረን። እዚያ ከወንዝ ዳር ዝንብ የሚመጣውን፣ በቆዳ ሥር ሄዶ ዓይን የሚያጠፋውን ትል የሚከላከል መድኃኒት የሚያድሉትን ሰዎች አግዘናል። መድኃኒቱ የሚሰጠው በቁመት ነው፣ ዘንግ ቆሞ ልጁ ይለካበታል፤ ከመጀመሪያው ምልክት በታች ከሆነ አይሰጠውም። እናቶቹ ልጆቻቸውን በእግር ጣታቸው ያስቆማሉ። ሲስተር ጎንበስ ብላ የልጆቹን ተረከዝ በመዳፏ ወደ መሬት ትመልሳለች፣ እናቶቹ ይስቃሉ፣ እሷም ትስቃለች፣ መድኃኒት ግን አትሰጥም። ማታ ሆቴል ስንገባ እሷ በአንደኛው ክፍል ከልጆቿ ጋር በስልክ ታወራለች፣ እኔ በሌላው ክፍል ጣራ አያለሁ። ግድግዳው ቀጭን ነው። «እሺ የኔ ዓለም፣ እሺ» ስትል እሰማታለሁ። ለእኔ የሚደውል አልነበረም፤ እናቴ ስልክ ውድ ነው ብላ ስለምታምን እስካሁን ደውላልኝ አታውቅም።

በዓይን ውስጥ ትል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ጾሬ ነው፣ የስደተኞች ካምፑ ውስጥ። አስተርጓሚያችን ሐዋ አብራን ነበረች። ሐዋ የበርታ ልጅ ናት፣ የበርታን ቋንቋ ሩጣናንም፣ የሱዳኑን ዓረብኛም፣ አማርኛውንም ታቀላጥፋለች፤ ሦስቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቀላቅላ ሾፌሩን ስትሰድብ ዋና ሥራዋ ያ ይመስላል። ፍየል የሚጠብቅ ልጅ መጣ። አንዱ ዓይኑ ቀልቷል፣ እንባው ይወርዳል።

«እናት ምን አለች?» አለች ሲስተር።

ሐዋ ጠየቀች። ፍየሎቹ መሀል ተቀምጦ ሳለ የሆነ ነገር በረር ብሎ ዓይኑን መታው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኑ ውስጥ የሚሄድ ነገር አለ። «ትል አለበት ትላለች» አለች ሐዋ።

ሲስተር ያንን ስትሰማ ባትሪውን አጥፊ አለችኝ። ልጁን ይዛ ድንኳኑ ውስጥ ገባች፣ በሩንም አስዘጋች። እኔ ዓይን በጨለማ እንዴት ይታያል ብዬ ነበር። በኋላ አስረዳችኝ። በበግና በፍየል አፍንጫ ላይ ትሎቿን እየበረረች የምትጥል ዝንብ አለች፤ አንዳንዴ ትስትና ሰው ዓይን ላይ ትጥላቸዋለች። ትሎቹ ከሩዝ ፍሬ ያንሳሉ፣ ነጫጭ ናቸው፣ እንባና ነጩ የዓይን ክፍል ላይ አይለዩም። ብርሃን ይጠላሉ። ፀሐይ ላይ ዓይኑን ከከፈትሽ ቆቡ ሥር ገብተው ይሸሸጋሉ፣ አንቺም የቀላ ዓይን ብቻ አይተሽ ትመለሻለሽ። ስለዚህ በጨለማ ትጀምሪያለሽ፣ የሚያደነዝዘውን ጠብታ ትጨምሪያለሽ፣ ልጁ እስኪረጋ ትጠብቂያለሽ፣ ከዚያ ባትሪውን በጣቶችሽ ሸፍነሽ ከጎን ቀስ ብለሽ ታስገቢዋለሽ።

ጣቶቼ መሀል ያለፈችው ትንሽ ብርሃን ዓይኑ ላይ ስታርፍ አየሁት። ሄደ። እውነቴን ነው፣ ሄደ። ጭንቅላቱ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ የጠቆረ ነገር አለው። ሲስተር የላይኛውን ቆብ ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት ላይ ገልብጣ ትሉን በወረንጦ ያዘችው። በኃይል አትጎትተውም፤ መንጠቆ አለው፣ ይይዛል። ለቀቅ እስኪያደርግ ጠበቀች። ሁለት ሌሎችም አወጣች። ነጭ ወረቀት ላይ አድርጋ ለእናትየው አሳየቻት። ልጁ በማግስቱ ፍየሎቹ ጋ ነበር። ቀላል ነገር ነው፣ ይህን ልብ በሉልኝ። ትል መሆኑን ካወቅሽ ቀላል ነገር ነው።

ሐዋ «ትል» ብላ ነው የተረጎመችልን። እናትየው በራሷ አፍ ምን ብላ እንደጠራችው አልጠየቅንም። ለምን እንጠይቃለን፣ ሐዋ አለችን።

ከዚያ ሐዋ ቀረች። አዲስ አስተባባሪ መጥቶ ነበር፣ የተማረ ልጅ ነው፣ ክፉ አይደለም። ወጪ ቀንሱ ተብሎ አስተርጓሚዋን ቀነሰ። ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት ስለሆነ የምንሄደው መምህራኑ አሉ፣ ደግሞ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፣ ሁሉም ይችላል አለ። ሲስተር ተከራከረች። እኔም አፌን ከፈትኩ፣ ለፀባዬም አንድ ወረቀት ተጻፈብኝ። ሐዋ ዕቃዋን ስትሰበስብ «እስቲ ያለኔ ተሳደቡ» አለችን።

ከዚያ በኋላ የሄድነው ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ወዳለ የበርታ መንደር ነው። ትምህርት ቤቱ የቀርከሃ አጥር አለው፣ ግቢው መሀል ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። የማንጎ ወቅት ስለነበር የልጆቹ አገጭ ሁሉ ቢጫ ነበር። እኔ የማየት መለኪያውን ሰንጠረዥ ግድግዳው ላይ ሰቅያለሁ። አንድ ፊደል ብቻ ነው ያለው፣ ሦስት እግር ያለው ፊደል፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ይዞራል። ልጁ እግሮቹ ወዴት እንደዞሩ በእጁ ያሳያል። አፍ አያስፈልገውም። ዱዳ ልጅም ይፈተንበታል።

ከልቱማ የምትባል ሴት ልጇን በእጇ ይዛ መጣች። ልጅቱ ሳፊያ ናት፣ አንደኛ ክፍል የገባች። ከራሷ ላይ የጣለችውን ጨርቅ፣ የቶብዋን ጫፍ፣ አንድ ዓይኗ ላይ ይዛለች። ከልቱማ አማርኛዋን እየመጣች ስታዘጋጅ እንደነበር ያስታውቃል፤ ሲስተር ፊት እንደደረሰች ሳትተነፍስ አወረደችው።

«ሲስተር፣ ልጅ ዱዳ አለ። ዱዳ ብዙ አለ።»

ይህን ስትል የልጅቱን ፊት ከግንባሯ እስከ አገጯ በመዳፏ አበሰችው።

መምህሩ ፈገግ አለ። ከጎጃም የመጣ ወጣት ነው። «በጣም ዱዳ ናት ለማለት ፈልጋ ነው» አለ። «እውነቷን ነው፤ ከገባች ጀምሮ ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም።»

ሲስተር እንደ ልማዷ ወደኔ ዞረች። «እናት ምን አለች?»

«ልጄ ዱዳ ናት ነው የምትለው» አልኳት።

ሲስተርም እኮ ሰምታታለች። መምህሩም ሰምቷል። ሁላችንም ሰማን፤ ሁላችንም በአማርኛ ሰማን።

ሲስተር እጇን ብብቷ ሥር አሞቀች። የማንጎው ጥላ ከሚያልቅበት፣ ፀሐይ ካለበት ልጅቱን አስቀመጠች፣ እኔም ባትሪውን ለቀቅሁላት። ዓይኗ ቀልቷል፣ እንባ አለው። ሌላ ምንም የለም። ያን ቀን እንዲህ ዓይነት ዓይን ስንት አይተናል። ቅባት ሰጠናት፣ አጠቃቀሙን በእጅ አሳየናት። ከልቱማ ግን አልሄደችም።

«ዱዳ?» አለች፣ የመድኃኒት ሣጥናችንን በጣቷ እያሳየች። «ለዱዳ መድኃኒት የለም?»

«የለም እናቴ» አለች ሲስተር በለሰለሰ ድምፅ። «ለዱዳ እኛ ጋ መድኃኒት የለም። አሶሳ የጆሮና የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ውሰጃት።»

ከልቱማ ሣጥኑን አየችው፣ ሲስተርንም አየቻት። «ሹክራን» አለችና ልጇን ይዛ ሄደች። ቀጣዩን ልጅ ጠራሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደዚያው መንደር ተመለስን። ሐዋም አብራን ነበረች፤ ሲስተር አስተባባሪውን እስኪመረው ጨቅጭቃ አስመልሳት ነበር። ልጆቹ ማንጎው ሥር ይጫወታሉ፣ አንደኛው «ዱዳ! ዱዳ!» እያለ የሆነች ልጅ ላይ ልጣጭ ይወረውራል። ልጅቱ ሳፊያ ናት። ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ከልቱማ ከአጥሩ ውጪ ነበረች፣ እኛን ስታይ አልመጣችም። ሐዋ ሄዳ አነጋገረቻት። ከሩቅ ሐዋ ስትስቅ ሰማኋት፣ ያ የሷ ትልቁ ሳቅ ነው። ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ቆመ።

ስትመለስ ወደ ሲስተር አልሄደችም፣ ወደኔ መጣች።

«ቲጂ፣ ያን ቀን ምን አለቻችሁ?»

«ልጄ ዱዳ ናት አለች።»

«ዱዳ አለ ነው ያለችው።»

«እሱኑ ነው የምልሽ።»

«ዱዳ ትል ነው» አለች ሐዋ። «በዓረብኛ። እኛም እንደዚያው ነው የምንለው። ልጄ ዓይን ውስጥ ትል አለ፣ ብዙ ትል አለ ነው ያለቻችሁ። እናንተ ደግሞ ለትል መድኃኒት የለንም ብላችሁ መለሳችኋት።»

ሲስተር ከኋላዬ ቆማ ነበር። እጇን አልታጠበችም፣ አላሞቀችም፤ በቀጥታ ወደ ሳፊያ ሄደች። ልጅቱ ፊት ተንበረከከችና ዓይኗን ገና ሳትነካ «አይዞሽ» አለቻት።

ያኔ አወቅሁ። እኔ ዓይኑን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ጥቁሩ ላይ ነጭ ደመና ወጥቶበታል።

የሆነው እንዲህ ነው። ከልቱማ በመኪና የመጡት ሰዎች መድኃኒት ከሌላቸው ማን ይኖረዋል ብላ ወደ ጎረቤት ሄደች። ከብት አልቅት ሲይዘው የትምባሆ ቅጠል ዘፍዝፈው ውኃውን ያፈሱበታል፣ አልቅቱም ይለቃል። ትልም ትል ነው ተባለ። የትምባሆውን ውኃ የልጅቱ ዓይን ውስጥ ጨመሩት። ትሎቹ ሞቱ። የዓይኑ መስታወት አብሮ ተቃጠለ፣ ከዚያ መረቀዘ።

የዚያኑ ዕለት አሶሳ ወሰድናት። መግሉን አቆሙላት። ነጩን ግን የሚያነሳው አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ነው፣ የሞተ ሰው ዓይን መስታወት ወስዶ የሚተካ፤ ተራ መያዝ፣ እዚያ ሄዶ መጠበቅ ያስፈልጋል ተባለ። ሲስተር ተራውን ራሷ አስያዘች። አዲስ አበባ እህት አላት፣ ቤቷን አስለቀቀችላቸው። ለመኪናውም ከአስተባባሪው ጋር ተነጋገረች፣ ይህን ጊዜ አልተጨቃጨቀም። የቀረው ከልቱማ እሺ እንድትል ብቻ ነበር።

ቤቷ ሄድን። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አቀረበችልን። ሳንበላ ማውራት አልፈቀደችም። ከቀርከሃው ግድግዳ በስተጀርባ አንዲት ልጅ ያለማቋረጥ ታወራለች፣ ትዘፍናለች፣ ከዶሮ ጋር ትጣላለች። ሳፊያ ናት። ቤቷ ውስጥ ምላሷ አያርፍም ነበር። መምህሯ የሚያስተምርበትን ቋንቋ ገና አልያዘችም እንጂ ዱዳ አይደለችም፤ አሁን ግን ሠፈሩ በሙሉ ዱዳ እያለ ስለሚጠራት ትምህርት ቤት ስትደርስ አፏን ትዘጋለች። ሲስተር ያንን ድምፅ ስትሰማ እጇ ላይ የነበረው ገንፎ እዚያው ቆየ።

ከዚያ ይቅርታ ጠየቀች። ስለ አዲስ አበባውም ነገረቻት፣ ሐዋ አንድ በአንድ አስተረጎመች። ከልቱማ ሰማች። ስትመልስ ረጅም አልነበረም፣ ሐዋ ግን ለመተርጎም ጊዜ ወሰደባት።

«እዚህ መንደሬ መጥታችሁ ያልሰማችሁኝን አዲስ አበባ ማን ይሰማኛል? ነው የምትለው።»

ሲስተር ሐዋ አብራት እንደምትሄድ ነገረቻት። ሐዋም እሄዳለሁ አለች። ከልቱማ ራሷን ነቀነቀች። ልጄ አንድ ዓይን ይዛ ቤቷ አለች፣ ሁለቱንም ዓይኖቿን ይዤ ሄጄ ምን ይዤ እንደምመለስ አላውቅም አለች። ሌላ ጊዜም ሄድን። ሲስተር ብቻዋንም ሄዳለች፣ ያለ ሐዋ፣ ከሐዋ በተማረችው ዓረብኛ። ገንፎው ቀረበ፣ መልሱ አልተለወጠም። ተራው አለፈ። እኔ በከልቱማ ተናድጄ ነበር፣ መኪና ውስጥ ተናገርኩ። ሲስተር በመስኮት እያየች «እሷ መጥታ ነግራናለች» አለች።

ፕሮጀክቱ ሊዘጋ ሲል ያችን ትምህርት ቤት ለመጨረሻ ጊዜ አየን። ሳፊያ ሁለተኛ ክፍል ሆናለች። ሰንጠረዡን ሰቀልኩ፣ ልጆቹ በተራ በእጃቸው አሳዩ። የሳፊያ ተራ ሲደርስ ሲስተር የክፍሉን ልጆች በሙሉ ማንጎው ሥር አስቀመጠቻቸው። መምህሩንም አስቀመጠችው። ከዚያ ለሳፊያ በዚያ በተሰባበረ ዓረብኛዋ በእጅ ሳይሆን በአፍ እንድትመልስ ነገረቻት። እኔ ልጅቱ አትናገርም፣ ይልቅ መሳቂያ እናደርጋታለን ብዬ ፈራሁ። የታመመውን ዓይኗን በካርቶን ከለልኩላትና ፊደሉን በዱላ አመለከትኩ።

ዱላዬን አየች፣ ወደ ልጆቹም ዞረች። አንዱ ልጅ ሳቅ ጀመረ።

«ፎግ» አለች። ወደ ላይ ማለት ነው።

ቀጣዩን አመለከትኩ። «ተሐት» አለች፣ ታች። ከዚያ ዱላዬን እየቀደመች ሄደች፤ «የሚን፣ ሽማል፣ ሽማል፣ ፎግ» እያለች፣ ቀኝ ግራውን፣ እስከ መጨረሻው፣ እስከ ትንሿ ረድፍ። እኔ ራሴ ያችን ረድፍ አላያትም። ድምፅዋ ቀጭን አይደለም፣ የገበያ ድምፅ ነው ያላት። መምህሩ ቆመ፤ ለምን እንደቆመ እሱም ያወቀ አይመስለኝም።

ካርቶኑን ወደ ጤነኛው ዓይኗ አዞርኩት። ትልቁን ፊደል አመለከትኩ።

«ማፊ» አለች። የለም ማለት ነው። ይህን አሶሳ ውስጥ የማያውቅ የለም።

ሲስተር ባትሪውን ከእጄ ወሰደችና አብርታ በጠባሳው ፊት አሳለፈችው። «ኑር?» አለቻት። ብርሃን?

ሳፊያ አሰበች። «ኑር፣ ሸውያ» አለች። ትንሽ።

ሲስተር ባትሪውን አጠፋችው። አይዞሽ አላለችም። ከረሜላ ሰጠቻት፣ ልጅቱም እየላጠች ወደ ልጆቹ ሄደች። ያ ልጣጭ የሚወረውረው ልጅ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀላት።

ሲስተር ወደ ደሴ የተመለሰችው ምሳው በተጋበዝንበት ሳምንት ነው። ሻንጣዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አሸገችው። መናኸሪያ ሸኘኋት። አልተቃቀፍንም፣ እሷ እንዲህ ያለ ነገር አይሆንላትም፤ እጇን ግን ብብቷ ሥር አሞቃ ነው የጨበጠችኝ። ሐዋ ሱዳን ድንበር አካባቢ ሥራ አግኝታ ሄደች። ሁለቱም መጀመሪያ ላይ ይደውሉልኝ ነበር። ስልክ ጠጋኝ ስልክ አይደወልለትም፤ ሁሉም ሰው የተበላሸ ሲኖረው ነው የሚያስበኝ።

ባለፈው ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ ግንባሬን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼ ቻርጀር ስበይድ አንዲት ልጅ መጥታ ፊቴ ቆመች። ቀና ሳልል ምን ሆነ አልኩ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የቁልፍ ስልክ ነው፣ በላስቲክ የታሰረ፣ የእናት ስልክ።

«ድምፅ የለውም» አለች በጥሩ አማርኛ። ከዚያ ትንሽ ቆይታ ጨመረች። «ዱዳ ነው። በእናንተ ቋንቋ።»

ያን ጊዜ ቀና አልኩ። ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል። ራሷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጋ፣ በሚያየው ዓይኗ እያየችኝ ነበር፤ እየሳቀችብኝም ነበር። ማጉያውን ከግንባሬ አወረድኩ። ልማዴ የሆነውን «አሳዪኝ» ተውኩት። ወንበሬን አነሳሁና ጠረጴዛውን ዞሬ በሚያየው ዓይኗ በኩል ተቀመጥኩ፤ ስልኩንም እሷ እያየች ከፈትኩት።